ለአየር ለውጥ የወሰዱኝ ባሕር

ባለፈው ማክሰኞ እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። እትዬ አስካለ ሰማንያ ዓመት አልፏቸውም ድምፃቸው ያልደከመ፣ ፉትስክሬይ በሚባለው የሜልበርን ሰፈራችን የሚሞተውንም የሚያገባውንም ከሁሉ ቀድመው የሚሰሙ የቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሴት ናቸው። «ደምሴ፣ ብቻህን ነህ?» አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ብለው ከጠየቁ ሰው ሞቷል ማለት ነው። የሞቱት ጋሼ ወርቁ ናቸው፤ የጓደኛዬ የታምራት ታላቅ ወንድም፣ አባት ሆነው ያሳደጉት። ሰኞ ዕለት ደሴ ላይ አረፉ። ታምራት አልሰማም፤ እንዲሰማም አልተፈለገም፤ ምክንያቱም ቅዳሜ አንድ ልጁን መቅደስን ይድራል። «ሠርጉ በደስታ ይለፍ፤ እሑድንም ይረፍና ሰኞ ማለዳ ተሰብስበን እንነግረዋለን» አሉ። «ስልኩን መቅደስ ላስተካክልልህ ብላ ወስዳበታለች። አንተ ደግሞ ሐሙስ ሱፉን ሊለካ ሲሄድ አብረኸው ሂድ። ካፌ ገብቶ ከሰው እንዳይገናኝ። አደራህን፣ የቅርቡ ሰው አንተ ነህ።» እሺ እትዬ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ዘግቼም ወጥ ቤት መሀል ቆሜ ቀረሁ። በዚያ ፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ በሚሉት ዘመን፣ የእኔ እናት ሞታ ተቀብራ ሳለ፣ እኔን ከሜልበርን አውጥቶ እስከ ሰሜኑ ሐሩር አገር ወስዶ፣ ኮኮናት ዛፍ ሥር አጋድሞ ሦስት ሳምንት ያህል ያሳቀኝ ሰው ይኸው ታምራት ነው። አደራውን የሰጡትም እኚሁ እትዬ አስካለ ነበሩ። አሁን ተራው የእኔ ሆነ ማለት ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ቂሙንም ጸሎቱንም ይዤ ከታምራት ጎን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። እስከ ሰኞ ዝም ልበል ወይስ ልንገረው? ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ይህን ሳብላላ ያ ባሕር መጥቶ ፊቴ ተዘረጋ።

ያን ጊዜ ፉትስክሬይ ዛሬ የምታዩዋት ፉትስክሬይ አልነበረችም። በርበሬ የሚመጣው ከአገር በተመለሰ ሰው ሻንጣ ነው፤ ሰውየው ሳይሳም ሻንጣው ይከፈት ነበር። ሐበሻ ከሐበሻ የሚገናኘው ባቡር ጣቢያው ድልድይ ላይ ነበር። ከድልድዩ ማዶ አንድ የቬትናሞች ዳቦ ቤት ነበረ፤ ጥብስ ሥጋና ቃሪያ የተጠቀጠቀበት ዳቦ በሁለት ዶላር እንገዛለን። ዛሬ በአራት እጥፍ እየገዛሁ ያን ጣዕም አላገኘሁትም፤ ጥርሴ ይሁን ዳቦው አላውቅም። ልብሳችን ትከሻው የሰፋ ጃኬት፣ እምብርት ላይ የሚታሰር ጂንስና ከቅናሽ ሱቅ የተገዛ ነጭ ስኒከር ነው። ታምራት ፀጉሩን ከላይ ከምሮ ከጎን ተላጭቶ፣ መስታወት ባየ ቁጥር ይቆም ነበር። ሁለታችንም ያራቪል ውስጥ የፕላስቲክ ባልዲ የሚያመርት ፋብሪካ የማታ ሺፍት እንሠራለን፤ ከሥራ ስንወጣ ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተደፍቶብን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን ወደ ቤት እንራመዳለን። አገር ቤት ለመደወል የስልክ ካርድ ከሱቅ ገዝተን ጀርባውን በሳንቲም እንፍቃለን፤ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ስንባባል ግማሹ ያልቃል። እናቴ ናዝሬት ነበረች፤ ቤቷ ስልክ የለም። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ ቤት ይደወልና ሰው ተልኮ ትጠራለች፤ እየሮጠች መጥታ መጀመሪያ የምሰማው ትንፋሿን ነው።

አንድ ሐምሌ፣ ማለትም የሜልበርን ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወር፣ ትርፍ አንጀቴ ፋብሪካው ውስጥ ፈነዳ። ሆስፒታል ገብቼ ሆዴን ቀደው፣ አጥበው፣ ሰፉኝ። ሞት አፋፍ ደርሼ ነበር ብለው ነገሩኝ። ስወጣ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖ ጠበቀኝ። እትዬ አስካለ አጥሚት እያመላለሱ፣ ዐይን ዐይኔን እያዩ ያጠጡኛል። ከዓመት በላይ አኩርፎኝ የነበረ ሰው እንኳ ብርቱካን ይዞ መጥቶ ይቅር በለኝ አለ። ከሞት ተርፌ ስለመጣሁ መስሎኝ፣ እንዲህ የምወደድ ሰው ነኝ እንዴ ብዬ ደስ አለኝ። እንደዚያ ዓይነት ሞኝ ነበርኩ።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አሉኝ አንድ ቀን እትዬ አስካለ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው።

«ዕረፍት አድርግ፣ ከባድ ዕቃ አታንሳ።»

«አየር ለውጥስ አላለህም?»

«አላለኝም።»

«እነሱ ምን ያውቃሉ! አየር ለውጥ ነው የሚያስፈልግህ። በዚህ ብርድ ቁስል አይጠግም። ታምራት ሊቭ ወስዷል፤ ሙቀት አገር ይዞህ ይሂድ።»

ታምራት መስኮቱ ጋ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር። «ባስ ቡክ አድርጌያለሁ» አለ። «ቦርሳም ገዝቻለሁ። ፈረንጆቹ እንደሚሄዱት፣ በርካሽ።»

እናቴ የሞተችው እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ነው። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ አጥሚቱም ብርቱካኑም ለዚያ ነበር። ወጋችንን ታውቁታላችሁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም፣ ለታመመ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ግራና ቀኝ አቁሞ ነው። ለእኔ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረበት፦ ለቅሶ ሆድ ይንጣል፣ ደረት ሲመታ ስፌቱ ይፈታል ተባለ። ስለዚህ ቁስሉ እስኪጠግ ይቆይ ተብሎ ተመከረ። ፉትስክሬይ ውስጥ ግን እንዴት ይደበቃል? ድልድዩ ላይ አንዷ አይታኝ እንባዋ ቢያመልጣትስ? መፍትሔው እኔኑ ከከተማው ማውጣት ሆነ። ይህን የመሰለ ነገር ሊያስብ የሚችል ሕዝብ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም፤ ለአንድ ሰው ለቅሶ ሁለት ሺህ ማይል ርቀት የቀጠረ።

የጀርባ ቦርሳው ነገር ግን ያኔ በጣም አስቆኝ ነበር። እኔና ታምራት ሱዳን የገባነው ጨርቃችንን በጀርባችን አዝለን በእግራችን ነው፤ ያየን ሁሉ ስደተኛ አለን። እዚህ አገር የሐኪምና የዳኛ ልጆች ገንዘብ ከፍለው፣ ከእኛ የባሰ ቆሽሸው፣ ጫማቸውን ቦርሳቸው ላይ አንጠልጥለው ይኸንኑ ያደርጉታል፤ ስሙም መዝናናት ነው። ሁለቱንም ቦርሳ የተሸከመው ታምራት ነበር፤ አንዱን በጀርባው፣ አንዱን በደረቱ። የእኔን ስጠኝ ስለው «ሐኪሙ አታንሳ ብሎሃል» ይለኛል። ታምራት በተፈጥሮው ቋጣሪ ሰው ነው፤ አብረን ስንኖር ሻወር ውስጥ ትቆያለህ ብሎ የውሃ ሒሳብ የሚያስጨምረኝ። በዚያ ጉዞ ግን ቡናውንም፣ ሳንድዊቹንም፣ የአልጋውንም እሱ ከፈለ። መስኮቱን ለእኔ ለቀቀ። ካርታ ስንጫወት እያየሁት ይሸነፍልኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ ነው።

አውቶቡሱ ቀንና ሌሊት ይሄዳል። ነዳጅ ማደያ ላይ ሲቆም ወርደን ብርዱን ስንፈትሸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ መጀመሪያ ጃኬታችንን፣ ቀጥሎ ሹራባችንን አወለቅን። አንድ ዎክማን ነበረን፤ ማዳመጫውን ተካፍለን፣ አንዱን ጆሮ እሱ፣ አንዱን እኔ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተደግፈን እንሰማለን። ስለ እናት የሚዘፈንበት አንድ የምወደው ካሴት ነበረኝ። የታለ ስለው «ቴፑ በላው» አለኝ። በኋላ እንደሰማሁት ሜልበርን ሳለን ራሱ በጣቱ ጎልጉሎ፣ ቆሻሻ መጣያ ከትቶት ነበር። ጥንቃቄ የሚያውቅ ሰው ነው።

የከተማዋን ስም አልጽፈውም። ሰው ሲጠራት እስከ ዛሬ ፊቴ ይፈካል፤ ለዚያም ራሴን እጠላዋለሁ። ከሰሜኗ ትልቅ ከተማ ከኬርንስ ትንሽ ወደ ታች የምትገኝ፣ አንድ መንገድ ብቻ ያላት ከተማ ናት። ባለ ሱቁ «ዓሣ ላጠምድ ሄጃለሁ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፎ ይጠፋል፤ ማንም አይናደድም። ፖስታ ቤት የምትሠራው ሴት ባዶ እግሯን ናት። ሙዝና ፓፓያ አጥር ላይ ይበስላል፤ የአጥሩ ባለቤት አንድ ጣሳ አስቀምጧል፣ የፈለገ ሳንቲም ጥሎ ይወስዳል፣ ያልፈለገ ዝም ብሎ ይወስዳል። የሆስቴሉ አልጋ በቀን አስራ ሁለት ዶላር ነው፤ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል፣ ጀርመን፣ ጃፓን፣ ስዊድን፣ እና እኛ ሁለቱ። ባለቤቱ ኬን የሚባል፣ ሸሚዝ ለብሶ አይቼው የማላውቅ ሽማግሌ ነበር። መጀመሪያ ቀን ከታምራት ጋር ለብቻው ሲነጋገር አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ገንዘብ ለቁርስ አልተቀበለም። ዓሣ ሲጠብስ ትልቁን ለእኔ ያነሳል። ጥቁር ሰው ብርቅ ሆኖበት ነው ብዬ ለታምራት ነገርኩት፤ ታምራት «ይሆናል» አለ።

በስምንት ዶላር በቀቀን የተሣለበት ሸሚዝ ገዛሁ። ቁምጣ ለበስኩ፤ ከልጅነቴ ወዲህ መጀመሪያዬ ነው። ማታ ማታ ዛፎቹ ላይ እውነተኞቹ በቀቀኖች ይሰፍራሉ፣ ጩኸታቸው የገበያ ቀን ይመስላል። ባሕሩ ለብ ያለ ነው። መዋኘት አልችልም ነበር፤ ታምራት ራሱ ጅማ ውስጥ ወንዝ ዳር ያደገ ወታደር ጓደኛው ያስተማረውን ያህል ያውቃል። ወገቤ ድረስ አስገብቶኝ፣ መዳፉን ጀርባዬ ሥር አድርጎ፣ «ተለቀቅ፣ ይዤሃለሁ» ይለኝ ነበር። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ ድምፅ ሁሉ ይጠፋል፤ የማየው ሰማይና የታምራትን አገጭ ብቻ ነው። አንድ ቀን እጁን ሲያነሳ ሳላውቅ ተንሳፈፍኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ይህን የምጽፈው እየመረረኝ ነው፤ ግን ውሸት አልጽፍም። አገር ጥዬ ከወጣሁ ጀምሮ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ እዚያ ውሃ ውስጥ ወረደ። እናቴ አፈር ከገባች ገና ወር አልሞላትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከከተማዋ ጀርባ ያለውን የሸንኮራ አገዳ እርሻ አቃጠሉት። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉን በእሳት ያጸዱታል። ጥቁር ብናኙ እየተንሳፈፈ መጥቶ ሸሚዛችን ላይ ያርፋል፣ አየሩ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ይህ ሽታ የእናቴ ሽታ ነው። ወንጂ አገዳ ሲቃጠል ነፋሱ ከዞረ ናዝሬት ድረስ ይመጣል፤ እናቴ የሆቴል አንሶላ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ፣ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ላይ ብናኙ ሲያርፍ ወንጂን ከነፋሱ ጋር ትሳደብ ነበር። ሳቄ መጣ፤ ልደውልላት፣ እዚህም ተከትሎኛል ልበላት አልኩ። ታምራት «ዛሬ መስመር አይገኝም» አለ። «ነገ እንደውል» አለ። «ካርዱ አልቋል» አለ። ካርድ ከሱቅ ገዛሁ። የስልክ ሳጥኑ ዘንባባ ዛፍ ሥር ነበር። ታምራት እስከዚያ ተከትሎኝ መጥቶ፣ ከሳጥኑ ውጭ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

ስልኩን ያነሱት እማማ ዘነቡ ናቸው። «ደምሴ ነኝ» ስላቸው ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ ልጄ» አሉ። «ምነው፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እማማ። ታምሜ ነበር፤ አሁን ድኛለሁ። እናቴን ይጥሩልኝ።»

«ገበያ ወጣ ብላለች» አሉኝ።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት ልጄ። ምን ትሆናለች ብለህ ነው።»

«እንግዲያው ይንገሩልኝ። ባሕር ዳርቻ ላይ ነኝ። እዚህም አገዳ እያቃጠሉ ነው፣ ብናኙ ሸሚዜን አበላሸው ብሏል በሏት። ትስቃለች።»

«እነግራታለሁ» አሉ። «እነግራታለሁ ልጄ።» ከዚያ ሳል ያዛቸው፤ ሳል ነበር ብዬ ነው ያመንኩት። ከሳጥኑ ስወጣ ታምራት አንገቱን ጉልበቱ መሀል ቀብሮ ነበር። «ገበያ ሄዳለች» አልኩት። «ጥሩ» አለኝ። ከሞቱ አሟሟቱ ይላሉ፤ እኔ ግን ከሞቱ አደባበቁ እላለሁ። ለሞተች እናቴ የላኩት ቀልድ እስከ ዛሬ ማታ ማታ ይሰማኛል።

ሊዝቤት የምትባል የሆላንድ ልጅም ነበረች። ረጅም፣ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ። አንድ ቀን አሸዋው ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ እናቴ ጠየቀችኝ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ አንሶላውን፣ ወንጂን፣ ሬዲዮ ላይ ዜና ከሚያነበው ሰው ጋር እንዴት እንደምትጨቃጨቅ። ሊዝቤት አለቀሰች። እጄን ይዛ እስኪጨልም ድረስ አልለቀቀችም። ወደ ክፍላችን ስገባ ታምራትን «ልጅቷ ወዳኛለች» አልኩት። ጫማውን ሲፈታ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም። «መልካም ልጅ ናት» አለ። በማግስቱ ፀጉሬን ተስተካክዬ፣ ሸሚዜን አጥቤ፣ አበባ ቆርጬ ሄድኩ። ምን ያህል ቀስ ብላ፣ ምን ያህል እየተጨነቀች እንደመለሰችኝ አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ስንመለስ አውቶቡሱ ሜልበርን የገባው ሊነጋጋ ሲል ነው። ታምራት ጃኬቴን አውጥቶ «ሸሚዝህን ቀይር፣ ብርድ ነው» አለኝ፤ እኔ ግን በቀቀኑን ለብሼ መግባት ፈለግኩ፤ ሰው ይየኛ፣ ሐሩር አገር የደረሰ ሐበሻ! እትዬ አስካለ ቤት ቁርስ ተጠርተናል አለኝ። ፉትስክሬይ ቤታቸው ስንደርስ በረንዳው በጫማ ተሞልቷል። «ለእኔ ነው ይህ ሁሉ ሰው?» አልኩ እየሳቅኩ። በሩ ሲከፈት ሴቶቹን አየኋቸው። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሌላ የሚነገረኝ ነገር አልነበረም። አኩርፎኝ የነበረው ሰውዬ ከኋላ ወገቤን ያዘ፣ ሌላው ክንዴን። እትዬ አስካለ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ» ብለው ሲጀምሩ «መቼ?» አልኳቸው። ሁለተኛ ስጠይቅ ታምራት ነው የመለሰው፤ «ከመሄዳችን በፊት» አለ። ቁርሴን የምበላበት እጄ እንዴት እንደተነሳ አላውቅም፤ ጥርሱን መታሁት። ጮህኩ፣ ደረቴን ደለቅኩ፣ ወለሉ ላይ ተንከባለልኩ። ስፌቱ አልተፈታም። ሐኪሙ ጥሩ አድርጎ ሰፍቶታል።

በኋላ ታምራት የተሰነጠቀ ከንፈሩን በበረዶ ይዞ አንድ በአንድ ነገረኝ። ኬን ያውቅ ነበር። ሊዝቤት ታውቅ ነበር። ጀርመኖቹም ጃፓኖቹም ያውቁ ነበር፤ አንዱ ሳያስበው እንዳያመልጠው ብሎ ራሱ ነግሯቸዋል። በዚያች ከተማ እናቴ በሕይወት ያለች የመሰለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያ ሁሉ ትልልቅ ዓሣ፣ ያ ሁሉ ፈገግታ ምጽዋት ነበር። በጊዜው ማልቀስ ወሰዱብኝ፤ ቀጥለው ደስታዬንም ወሰዱብኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ባሕር ሳስብ በሬሳ ላይ የሚስቅ አንድ ሞኝ ነው የሚታየኝ።

ያም ሆኖ ጓደኛነታችን አልፈረሰም። ፉትስክሬይ ውስጥ ማን ተኳርፎ ይኖራል? ባልዲ ፋብሪካው ሲዘጋ ሁለታችንም ላቨርተን ኖርዝ የሚባል ሰፈር መጋዘን ሥራ ገባን፤ በአንድ መኪና እየተመላለስን ዓመታት አለፉ። ሲያገባ አንደኛ ሚዜው ነበርኩ፤ መቅደስ ስትወለድ ሆስፒታል ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚያ ጉዞ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተነሳም። እሱ የረሳሁ መሰለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሐሙስ ዕለት ከቤቱ ወሰድኩት። መቅደስ በር ድረስ ሸኝታን፣ አባቷ ወደ መኪናው ሲሄድ እጄን ያዝ አድርጋ «አንክል ደምሴ፣ ፕሊስ። ጀስት አንቲል ሰተርደይ» አለችኝ፤ እስከ ቅዳሜ ብቻ ማለቷ ነው። እሷም ታውቃለች። ልብስ ሰፊው አንድ የቬትናም ሽማግሌ ነው። ታምራት ጥቁሩን ሱፍ ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆመ፤ ሽማግሌው መርፌ አፉ ውስጥ ደርድሮ፣ ተንበርክኮ የሱሪውን ጫፍ ይለካል። ታምራት ፀጉር ባይኖረውም እጁን አናቱ ላይ አሳለፈ።

«የሙሽራ አባት እመስላለሁ?» አለኝ።

«ትመስላለህ።»

«ጋሼ ወርቁ ቢያየኝ! እሱ እኮ ነው መጀመሪያ ሱፍ የገዛልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከነሱፌ በቪዲዮ ደውዬ አሳየዋለሁ። ያቺ ልጅ ስልኬን ትመልስልኝ እንጂ። ካልሆነ አንተ ዛሬ ደውልልኝና ቅዳሜ እንዲጠብቀኝ ንገርልኝ።»

እነግራቸዋለሁ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጋሼ ወርቁ ሞተዋል» አልኩት። «ሰኞ ነው። ማክሰኞ ተቀብረዋል።»

ሽማግሌው አማርኛ ባያውቅም እጁን ከሱሪው ላይ አነሳ። ታምራት መጮህ አልጮኸም። ግድግዳውን ተደግፎ፣ መርፌው እንደተሰካበት፣ በርጩማው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ማን ያውቃል?» አለ።

«ሁሉም።»

«መቅደስስ?»

«እሷም።»

«አንተ ለምን ነገርከኝ?»

«እኔ ብሆን እንዲነገረኝ እፈልግ ነበር።»

እውነቴን ነው፤ ለሞተ ሰው መልእክት እንዲልክ አልፈለግኩም። ነገር ግን ይህን ስመልስለት ድምፄ ውስጥ ደስታ ነበረ። እኔም ሰማሁት፣ እሱም ሰማው። ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ አየኝ፤ ያ ሁሉ ዓመት ያልገባው ነገር አሁን ሲገባው ከፊቱ ላይ አነበብኩ።

«እኔ ያን ሁሉ ባሕር ሰጠሁህ» አለ። «አንተ አንዲት ቅዳሜ ነፈግከኝ።» ከዚያ ተነስቶ መስታወቱ ፊት ተመለሰና ለሰፊው በእንግሊዝኛ ይቀጥል አለው። መኪና ውስጥ ስንገባ ደግሞ «ማወቄን ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። «በተለይ ለልጄ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ታምራት ልጁን አቅፎ ገባ፣ እንግዳውን ሁሉ ሳመ፣ መዝሙሩ ሲሞቅ መሀል ገብቶ እያጨበጨበ ዘለለ። ሰው ሁሉ ምስኪን፣ አያውቅም እኮ እያለ በዐይኑ ይጠቃቀሳል። እትዬ አስካለ ከመቀመጫቸው ሆነው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አደራህን ጠበቅክ ብለው በአንገታቸው አመሰገኑኝ። እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ታምራት አየኝና ሰውን እየከፈለ መጣ፤ እጄን ይዞ ከወንበሬ አስነሳኝ፣ አንገቴን አቅፎ ወደ መሀል ጎተተኝ። ላቡ ጉንጬን አረጠበው። ጣቶቹ ትከሻዬ ውስጥ ገብተዋል።

«ሳቅ» አለኝ በጆሮዬ። «ልጄ እያየችን ነው።»